ሞቱ አንድ፣ ደረጃው አራት

የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ብርሃኑ ከደጃፉ አልፎ ብዙ አይገባም፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ከጉልበታቸው በላይ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። አሥራ አንድ ጥንድ እግር። ፖሊሷ ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝና በሩን ዘጋችው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሉ ክሪዮሊንና የረጠበ ጆንያ ይሸታል። አንዲት ሴት፣ «ጫማሽን አውልቂና ግቢ፤ የምንተኛበት ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ጫማዬን አወለቅሁ።

የተያዝኩት በዚያው ጠዋት ጊንጪ ነው። የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጀመረ ሰሞን ስለነበር ጠዋት ልጆቹን፣ ከሰዓት በኋላ እናቶቻቸውን አስተምራለሁ። አብራኝ ቤት የተከራየች መምህርት ከሁለት ሳምንት በፊት ለእኔም ሳትነግረኝ ጠፍታ ነበር። ሁለት ሰዎች ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ላይ ጠሩኝ።

«የት ሄደች?» አለኝ አንደኛው።

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እስክታውቂ ትቆያለሽ» አለ፤ ቀጠሮ እንደሚሰጥ ሰው። በላንድሮቨር ወደ አምቦ ስንሄድ የጠመኔው ዱቄት ገና ከጣቶቼ አልለቀቀም።

ስለዚያ ዓመት የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። የሚጠብቁትንም አይቻለሁ፤ አላወራውም። እኔ ወደ አእምሮዬ ቶሎ የሚመጣልኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልተማርኩትን ትምህርት ተምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ስቄያለሁም። ይህን ስናገር አንዳንዶች ቅር ይላቸዋል። ቢሆንም የሆነው እንዲህ ነው።

ጫማሽን አውልቂ ያሉኝ ሴት የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካልሲ የማይለያቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የዳኞችን ብያኔ በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ ኖረዋል። የታሰሩት አንድ በራሪ ወረቀት በእሳቸው መኪና ተጽፏል ተብሎ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው «መ» እንደ እሳቸው መኪና «መ» ወደ ግራ ያዘመመ ነበር። «መኪናው የመንግሥት ነው። ማዘመሙም የመንግሥት ነው» ይሉ ነበር፤ ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

በገባሁ በማግሥቱ፣ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» አሉኝ።

የእስረኛ ቁጥር መስሎኝ አልተሰጠኝም አልኩ።

«የአንቀጽሽን ማለቴ ነው። በስንት ቁጥር ነው የተከሰስሽው?»

«አልተከሰስኩም።»

«መዝገቡ ላይ የወንጀሉ ዓይነት ከሚለው ፊት ለፊት ምን ጻፉ?»

«ሰረዝ።»

ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርታቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አሾሩና፣ «ሰረዝ ያለበት ሰው ላይ እኔ የማውቀው ሕግ አይሠራም» አሉ። «ስለዚህ ቀን አትቁጠሪ። ሥራ ፈልጊ።»

ሥራው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእጃጂ በኩል አንዲት ገበሬ ሴት አመጡ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ ክንዷ ተሰብሮ ያለ ወጌሻ የገጠመ ስለነበር ከክርኗ በታች ጠመም ብሏል። ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ለአራት ቀን ከሰላምታ በስተቀር ምንም አልተናገረችም። በአምስተኛው ቀን ከሌላ እስረኛ አክርማ ለምና ሰፌድ መስፋት ጀመረች። በጠማማው እጇ ይዛ በደህናው ትወጋለች። ስፌቷ ከሁላችንም የበለጠ ጥብቅ ነበር።

የገበያ ያህል አማርኛ ታውቃለች፤ ከዚያ አታልፍም። እትዬ ደግሞ አምቦ ሃያ ዓመት ኖረው ኦሮምኛቸው «አካም ጅርታ» በሚለው ሰላምታ ላይ የቆመ ነው። እኔ ጊንጪ ተወልጄ ሁለቱንም በአንድ አፍ እየተናገርኩ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ በመካከላቸው ተቀመጥኩ።

ከመቀነቷ ውስጥ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ፣ «ባርሲስቱ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። ባርሲስቱ አስተማሪዋ ማለት ነው፤ እስክወጣ ድረስ ሌላ ስም አልሰጠችኝም። ወረቀቱ የክሷ ግልባጭ ነበር። እኔ ማንበብ ስጀምር እትዬ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉኝ። ዓይናቸው እንደ እኔ ከላይ ወደ ታች አልሄደም፤ በቀጥታ መካከሉ ላይ ወደ ተጻፈው ቁጥር ሄደ።

«አምስት መቶ ሃያ ሁለት» አሉ፤ ቀስ ብለው።

አብራን የነበረችው ጠላ ሻጭ፣ በጠብ የታሰረች ወፍራም ጨዋታ አዋቂ፣ «እሱ ምንድን ነው?» አለች።

«ነገ ፀሐይ ስንሞቅ አሳያችኋለሁ» አሉ እትዬ።

ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንድንሞቅ ያስወጡናል። ከአጥሩ ባሻገር የባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል፤ ጠርሙስ የጫኑ መኪናዎች በመንገዱ ሲያልፉ ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ ይሰማል። እትዬ ከአጥሩ ሥር አራት ጠጠር ለቅመው መሬት ላይ በሰልፍ አስቀመጡ። እኛ ዙሪያቸውን ተቀመጥን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ።

«አንድ ሰው በሰው እጅ ሞተ እንበል። ሞቱ አንድ ነው፤ ሬሳው አይለወጥም። ሕጉ የሚመዝነው የገዳዩን ልብ ነው።» የመጀመሪያውን ጠጠር ነኩ። «ይሄ ቂም ቋጥሯል። ቢላ ስሏል። ቁልቋል ሥር አድፍጦ ጠብቋል። አምስት መቶ ሃያ ሁለት፤ አንደኛ ደረጃ። ወይ ሞት ነው ወይ ዕድሜ ልክ።» ወደ ሁለተኛው አለፉ። «ይሄ ሊገድል ፈልጎ ገድሏል፤ ግን አላደፈጠም፣ ጭካኔም አልጨመረበትም። አምስት መቶ ሃያ ሦስት። ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት፣ ጽኑ እስራት።»

«ሦስተኛውስ?» አልኩ።

«ይሄንን መትተውታል። ወይ ክፉኛ አስቆጥተውታል። ወይ ራሱን ሲያድን ከልኩ አልፏል። ሃያ አራት። ከአምስት ዓመት አይበልጥም፤ ያውም ቀላል እስራት።» የመጨረሻውን ጠጠር ብድግ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። «ይሄኛው መግደል ጭራሽ በልቡ አልነበረም። ጠመንጃውን ሲወለውል ባረቀበት። ቸልተኛ ነው። ሃያ ስድስት።»

«ሃያ አምስት የት ሄደ?» አለች ጠላ ሻጯ።

«እሱ ራሱን ለሚገድል ሰው ገመድ ያቀበለ ነው። እሱን ተዪው።»

የእጃጂዋ ሴት ጠጠሮቹን ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ በእኔ በኩል፣ «እኔ የቱ ላይ ነኝ?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ መለስ ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን የመጀመሪያው ጠጠር ላይ አደረጉ።

«እኔ ግን አላደፈጥኩም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ስህተት የሆነ አድራሻ እንደሚያርም ሰው ነበር የተናገረችው።

ታሪኳን በዚያው ጠዋት ነገረችን። ባሏ ታሞ ሞቷል። የባሏ ወንድም በድሮው ልማድ ልውረሳት አለ፤ ሚስትም ልጆችም ያሉት ሰው ነው። እሷ ወንጌል አማኝ ስለሆነች አልፈልግም አለች፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎችም ደግፈዋት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ደጋፊዎቿም ተበታተኑ። አንድ ከሰዓት በኋላ በርበሬ እየወቀጠች ሳለ ጠጥቶ መጣ። በያዘው ዱላ ሁለት ጊዜ መታት። በሁለተኛው ክንዷ ተሰበረ። ለሦስተኛ ሲያነሳ በደህና እጇ ይዛው የነበረውን ዘነዘና ወረወረችበት፤ ጆሮ ግንዱን አገኘው። ደሙን ያጠበችው እሷ ናት። ጎረቤት የጠራችውም፣ ቃሬዛው ኋላ ኋላ እየተከተለች ጤና ጣቢያ የሄደችውም እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እሷም በእግሯ ሄዳ እጇን ሰጠች።

እትዬ ወረቀቱን እንደገና አነበቡት። «እዚህ ጋ ሌላ ነገር ነው ያለው» አሉ። ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ተከሳሿ ለፖሊስ በሰጠችው ቃል «አስቤበት ነው የመታሁት» ስትል አምናለች ይላል። «ይሄ ቃል ነው አንደኛው ጠጠር ላይ ያስቀመጣት። አስቤበት ብለሻል ወይ በያት።»

ጠየቅኋት። ስጠይቃት በኦሮምኛ የሚመጣልኝ ቃል አንድ ነው፤ «ያዱ»። ልክ ከአፌ ሲወጣ የሆነ ነገር ቆም አደረገኝ። እሷ ግን ወዲያው መለሰች።

«አዎ፣ ፖሊሱም እንደዚሁ ጠይቆኛል። አስበሻል ወይ አለኝ። እንዴት አላስብም አልኩት። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ልጆቹን አስባለሁ። ሚስቱን አስባለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሰብ በቀር ምን ሥራ አለኝ?»

ያዱ ማለት ማሰብ ነው፤ መጨነቅም እሱው ነው፤ ማዘንም አንዳንዴ እሱው ነው። ፖሊሱ የጠየቃት ከመምታትሽ በፊት አቅደሽ ነበር ወይ ብሎ ነው። እሷ የሰማችው ተጨንቀሻል ወይ ብሎ ነው። በሐዘን የመለሰችለትን በቀዝቃዛ አማርኛ ጽፎታል። ክፋት ይሁን ስንፍና እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ለእትዬ ሳስረዳቸው እንዝርታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እንዝርታቸው እንዲህ መሬት ላይ ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሃያ ዓመት ስጽፈው የኖርኩት ቃል ነው» አሉ። «‹አስባበት›። ስንት ሰው ላይ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቅ።»

ያን ሳምንት ክፍላችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጠላ ሻጯ ተራዋን ጠብቃ፣ «ነገሩ እኮ ቀላል ነው» አለች። «ወድቆ ነው የሞተው ትበል። ሰክሮ አልነበር? ደጃፍ ላይ ተንሸራቶ ሙቀጫው ላይ ወደቀ። ማን አየ?»

ተረጎምኩላት። የእጃጂዋ ሴት ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ «እኔ አይቻለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያን ምክር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ ለመጻፍ ወሰንን። ጠበቃ ይቆምልሻል ተብላ ነበር፤ ማንም መጥቶ አላያትም። ቀጠሮዋ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያመጣችልን ከፖሊሶቹ አንዷ ናት፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደሏን እኔ ነበርኩ የማስጠናት። ችግሩ እትዬ ነበሩ። በፖለቲካ የታሰረ ሰው ለሌላ ሰው መጻፍ ክልክል ነው፤ እኔ ሰረዝ ነኝና ልሞክረው እችላለሁ። እሳቸው ደግሞ በመጻፍ የታሰሩ ናቸው።

«እጄን አያዩትም፣ አንቺ ነሽ የምትጽፊው» አሉ። «አነጋገሬን ነው የሚያውቁት። ‹እንደሚከተለው አመለክታለሁ› ብዬ ከጀመርኩ የመዝገብ ቤቱ ልጆች በአንድ እይታ ያውቁኛል። ስለዚህ እኔ እንደማልጽፈው ነው የምንጽፈው።»

ሁለት ቀን ፈጀብን። እሳቸው የሕጉን ነገር ይሉኛል፣ እኔ በሰው አነጋገር እመልሰዋለሁ፣ ለባለጉዳይዋ በኦሮምኛ አነብላታለሁ፣ እሷ ታርማለች። እርማቷ ብዙ ነበር። «ራሴን ለመከላከል ብዬ ሳላስበው ነካሁት» ብዬ ጽፌ ነበር። አስጠፋችኝ። «አልነካሁትም፤ መታሁት። እንደዚያ በይ።» እትዬ ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉና፣ «ትክክል ነች። ዳኛ ጥፋቱን የሚክድ ሰው ይሰለቸዋል» አሉ።

የመጨረሻው ጽሑፍ አጭር ነበር። በቃሌ አስታውሰዋለሁ።

«ሟችን በዘነዘና የመታሁት እኔ ነኝ። የመታሁት በዱላ ሁለት ጊዜ መትቶኝ ክንዴን ከሰበረኝ በኋላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳብኝ ነው። ክንዴ ይታይልኝ። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ ቁስሉን ያጠብኩት፣ ሰው የጠራሁትም እኔ ነኝ። ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል የተጻፈው በማልናገረው ቋንቋ ነው። አስቤያለሁ ያልኩት ከሞተ በኋላ ስላለው ሐዘኔ እንጂ ከመምታቴ በፊት ስለነበረው አይደለም። ፍርድ ቤቱ በቋንቋዬ እንደገና ይጠይቀኝ።»

በአውራ ጣቷ ፈረመች። የቀለም ሰሌዳ ስላልነበረን ጣቷን በእስክሪብቶው ቀለም ቀባንላት።

አቤቱታው በወህኒ ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ሄደ። በአራተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል። የተቀመጠው የመቶ አለቃ ረጅም፣ ደከም ያለ ሰው ነበር።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ባለጉዳይዋ። በኦሮምኛ ነገረችኝ፣ በአማርኛ ጻፍኩት።»

«ከመምታት በፊት፣ ከሞት በኋላ እያለ የሚለየውንስ?» ወረቀቱን በጣቱ መታ አደረገው። «የሦስተኛ ክፍል መምህርት ይሄን ከየት ታውቃለች?»

እትዬ ክፍሉ ውስጥ ምን እያደረጉ እንደሆነ አሰብኩ። «የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጣሉት በዚሁ ነው፣ የመቶ አለቃ» አልኩት። «ማን ቀድሞ መታ፤ ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያውቅ። ስድስት ዓመት ዳኝቻለሁ።»

እስክሪብቶውን አስመልሶ ሁለት ሳምንት ጠያቂ እንዳይገባልኝ አዘዘ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም። ፋይሉ ውስጥ ሲያስገባው አይቻለሁ።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከእናቴ የሚመጣውን ምግብ ያስቀሩብኝ እንጂ ክፋት አልነበራቸውም። ሴቶቹ ከየድርሻቸው ያካፍሉኛል። በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ጨዋታ ተጀምሮ ነበር። አንዷ ወጥ ስትደፋ፣ «ሃያ ስድስት ነው፣ ቸልተኝነት» ይላታል ሁሉም። የመኝታ ቦታ የገፋች፣ «ሃያ ሁለት፤ ከትናንት ጀምራ አድፍጣ ነበር» ትባላለች። ጠላ ሻጯ አንድ ቀን የእትዬን እግር ረግጣ ስትከሰስ ብድግ ብላ፣ «ሃያ አራት ይያዝልኝ። ካልሲያቸው አስቆጥቶኝ ነው» አለች። እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእጃጂዋ ሴት ነገሩ ሲተረጎምላት እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ የሰማናት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው። ወዲያው ነውር የሠራች መስሏት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

የቀጠሮዋ ቀን ጠዋት ሁላችንም ቀድመን ተነሳን። አንዷ ነጠላዋን አጥባ አድርቃ ነበር፣ አለበሰቻት። እትዬ ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የጠየቁሽን ብቻ መልሺ። ጥያቄው ካልገባሽ አልገባኝም በይ። አልገባኝም ማለት አያስቀጣም።» ሰበዟንና አክርማዋን ጥግ ላይ በሥርዓት አስቀምጣ ወጣች። ካልተመለስኩ ለእገሊት ይሰጥ የሚል ነገር አልተናገረችም። እንደምትመለስ ይሁን እንደማትመለስ ታውቅ እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ያን ቀን ጥጥ የፈተለ ሰው አልነበረም።

አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠናት። ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ባርሲስቱ፣ ንገሪያቸው» አለችና ጀመረች።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። መካከለኛው አቤቱታውን በእጁ ይዞት ነበር። ክንዷን እንድታሳይ አዘዛት፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ አስተርጓሚውን፣ «ከመምታትሽ በፊት ልትገድዪው አቅደሽ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅልኝ፤ አስበሽ የሚለውን ቃል አትጠቀም» አለው። አስተርጓሚው ሽማግሌ የአምቦ ሰው ነበር፤ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ በሦስት አነጋገር ጠየቃት።

«ምን አልሽ?» አልኳት።

«ልገድለው አይደለም፤ እንዲተወኝ ነው የፈለግሁት አልኩ።»

የዐቃቤ ሕጉ ምስክሮች ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ናቸው፤ እሷ እያለቀሰች ስትከተል ማየታቸውን አልደበቁም። ዳኞቹ ጥቂት ተመካክረው ውሳኔውን በዚያው ቀን ተናገሩ። ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፤ የታሰረችበት ይታሰብላታል።

እትዬ፣ «ቁጥሩን ጠይቂያት» አሉኝ። «ቁጥሩን ሰምታለች?»

ሰምታ ነበር። በአማርኛ፣ ራሷ፣ ቃል በቃል አለችው። «አምስት መቶ ሃያ አራት።»

እልልታ ክልክል ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጠላ ሻጯ ድርሻዋ የነበረውን ሙሉ ቂጣ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለእጃጂዋ ሴት ሰጠቻት።

እትዬ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ሲወጡ እንዝርታቸውን ለእኔ ትተው ሄዱ። «የአንቺን ነገር ደረጃ ልነግርሽ አልቻልኩም» አሉኝ በሩ ላይ። «የሌለ ነገር ደረጃ የለውም። ይሄንን አትርሺ፤ ሊያስረሱሽ ይሞክራሉ።»

እኔን የፈቱኝ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ጠፍታ የነበረችው መምህርት ተገኝታ ይሁን አልተገኘች አልነገሩኝም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። የታተመ ወረቀት አቀረበልኝ። በፈጸምኩት ፀረ አብዮት ተግባር ተጸጽቼ ምሕረት ስለተደረገልኝ፣ ዳግም ላልመለስበት ቃል እገባለሁ፣ ይላል።

«የቱ ተግባር ነው?» አልኩት።

«ፈርሚና ሂጂ። ሁሉም ይፈርማል።»

«የሠራሁት ካለ ቁጥሩ ይጻፍበት፤ እፈርማለሁ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እየወጣሽ ነው እኮ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ውጪ ጠብቂ» አለኝ።

ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እናቴ በር ላይ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። ብፈርም ምን ነበረበት እያልኩ ራሴን ተሟገትኩት፤ ብዙ ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። የእጃጂዋ ሴት ግን የሠራችውን ሠራሁ ለማለት ሞትን አልፈራችም። እኔ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ከወጣሁ የሷን አቤቱታ የጻፈ እጅ የማን ነበር? ሰውየው ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላም ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ጠራኝ። ወረቀቱን ገለበጠና ባዶውን ጀርባ ወደ እኔ አደረገው።

«የምትጽፊውን ጻፊ። መኪና ይጠብቀኛል።»

በጥቁር ሰሌዳ እጄ፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «የተነገረኝ ጥፋት የለም። ዕቃዬን ተረክቤ ወጥቻለሁ።» ፈረምኩ። አነበበው። በሩን በአገጩ አሳየኝ።

የእጃጂዋ ሴት እስራቷን ጨርሳ ወጥታለች። ሽማግሌዎች ገብተው ከሟች ቤተሰብ ጋር አስታርቀዋታል። ከዓመታት በኋላ በአውቶቡስ ሳልፍ እጃጂ ወርጄ ጠይቄያት ነበር፤ ያን ቀን ጤፏን የሚያጭዱላት የሟች ልጆች ነበሩ። ምሳ አብረን በላን። ስለ ወህኒ ቤቱ ያወራነው ስለ ጠላ ሻጯ ብቻ ነው። እትዬም ከአዲስ አበባ በሕይወት ተመልሰው እስኪያረጁ ድረስ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ሆነው ኖሩ። ኦሮምኛ የሚያውቅ ረዳት ሳይኖራቸው አንድም አቤቱታ አይጽፉም ነበር ይላሉ።

እኔ ጡረታ ወጥቼ አምቦ ነው የምኖረው። ቅርብ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ዐቃቤ ሕግ የሆነ፣ የድሮ መዛግብት ያሉበትን ቤት እንደሚያውቅና የእኔን ፋይል ሊያፈላልግልኝ እንደሚችል ነገረኝ። አመስግኜ ተወው አልኩት። እኔ ከወጣሁ በኋላ ያ ሰውዬ በወረቀቱ ፊት ላይ ምን እንደጻፈ፣ በስሜ ፈርሞም እንደሆነ አላውቅም። ጀርባው ላይ ያለውን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።